በጎ ፈቃድ፣ ምጽዋት፣ ፍትሕ፦ የአገልጋዮቹ ቃላት ከየት መጡ?

"በጎ ፈቃደኛ" ዛሬ በየሰደርያው ጀርባ ታትሞ የምናየው ቃል ነው። በክረምት የደካማ አረጋውያንን ጣራ የሚያድሱት፣ ደም የሚለግሱት፣ በጥምቀት ከታቦቱ ፊት እየሮጡ ምንጣፍ የሚዘረጉትና የሚጠቀልሉት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጥተው ነዳያን የሚያበሉት፣ ማረሚያ ቤት ገብተው ታራሚ የሚጠይቁት፣ የተጣላ ለማስታረቅ የሰው ደጅ የሚጠኑት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። የመሥሪያ ቤት ቃል ስለሚመስል ብዙ ሰው ትናንት የተፈጠረ ያደርገዋል። ሁለቱ ቃላት ግን ጎን ለጎን የቆሙበት የቆየ ቦታ አላቸው፤ እሱም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 14፣ መላእክት በልደት ሌሊት ባሰሙት ምስጋና ውስጥ ነው። እዚያ "በጎ ፈቃድ" የሚመጣው ከ"ሰላም" ጋር ተጎራብቶ ነው።

ግእዙ በዚሁ ቦታ "ሥምረት" ይላል። "ሠምረ" ማለት ወደደ፣ ደስ ተሰኘ ማለት ነው፤ "ምኞቱ ሠመረለት" ስንል የምንናገረው የዚሁ ግስ ልጅ ነው። ልብ ማለት የሚገባን የፈቃዱን ባለቤት ነው። በምስጋናው ውስጥ የወደደው እግዚአብሔር ነው፤ የተወደደው ሰው ነው። በሰደርያው ላይ ያለው በጎ ፈቃድ ግን የሰውዬው የራሱ ነው። ቃሉ ከሰማይ ወደ ምድር ሲወርድ ባለቤት ለውጧል።

"ፈቀደ" ራሱ ብዙ መልክ ያለው ግስ ነው። በግእዝ ፈለገ፣ ሻ፣ ወደደ ነው። በዛሬው አማርኛ ደግሞ ለቀቀ፣ ይሁን አለ ማለት ሆኗል፤ የንግድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ የምንለው ከዚህ ነው። በዕብራይስጥ "ፓቃድ" ጎበኘ፣ ተመለከተ፣ ቈጠረ፣ ሾመ የሚሉትን ሁሉ ይይዛል፤ በዐረብኛ "ፈቀደ" አጣ ሲሆን "ተፈቀደ" ደግሞ የጠፋን ነገር ፈለገ፣ ሁኔታውን አየ ማለት ነው። መፈለግ፣ መጎብኘት፣ ማን እንደ ጎደለ ማየት፦ ይህ የአንድ ሰፈር አገልጋይ የዕለት ሥራ ነው።

የቃል ሥር ሲመረመር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ቃል ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረው ትርጉም ዛሬ ያለውን አያዝዝም፤ ድምፅ መመሳሰልም ዝምድናን አያረጋግጥም። "ዕርቅ" እና "ዕርቃን" ስለተመሳሰሉ ብቻ "ዕርቅ ማለት ሆድን ገልጦ ማሳየት ነው" ብሎ መስበክ ያጓጓል፤ ጥሩ ስብከት ይወጣዋል፣ ሥርወ ቃል ግን አይሆንም። ሥሩ ዋጋ የሚኖረው ዘመዶቹ አሁንም በሰው አፍ ላይ ሕያው ሆነው ሲገኙ ነው። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በወጣው ያማርኛ መዝገበ ቃላታቸው፣ ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቃሉን ከነቤተሰቡ አስቀመጡት። በዚህ መንገድ ስንሄድ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ ለሰላምና ለማኅበራዊ ፍትሕ የሚደክሙ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሥራቸውን የሚጠሩባቸው የቆዩ ቃላት፣ ቸርነትን ከፍትሕ፣ ዕርቅን ከካሣ ለይተው አያውቁም። የለየነው እኛ ነን።

ምጽዋት

ከሁሉ የሚያስደንቀው የዚህ ቃል ታሪክ ነው። "መጸወተ" ስንል በኪሳችን ከተረፈው ላይ ሳንቲም አንሥተን በደጀ ሰላም ለተቀመጠው መወርወር ይታየናል፤ ብንሰጥ መልካም፣ ባንሰጥም የሚጠይቀን የለም። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ቃሉ ወደ ግእዝ የገባው ከአይሁድ አራማይክ እንደ ሆነ አሳይተዋል። ሐንስ ያዕቆብ ፖሎትስኪ በ1964 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጥናት ላይ "ሃይማኖት"ን፣ "ጣዖት"ን፣ "ገሃነም"ን የመሳሰሉ የእምነት ቃላት በዚሁ በር እንደ ገቡ ተመልክተው ነበር። የ"ምጽዋት" መነሻ በዕብራይስጥ "ሚጽዋ" የሚባለው ነው፤ ትርጉሙም ትእዛዝ ነው። ከትእዛዛቱ ሁሉ ለድሀ መስጠት እጅግ ከመከበሩ የተነሣ "ትእዛዝ" የሚለው ስም ራሱ ለዚህ አንድ ሥራ መጠሪያ ሆነ።

ስለዚህ ምጽዋት በመነሻው የሰጪው ደግነት መለኪያ አልነበረም፤ ሰጪው የታዘዘውን የፈጸመበት ነበር። ዛሬ እስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በየቀኑ "ሚጽዋ" ሲባል ይሰማል፤ አያቶቹ ይሉት ከነበረው "ምጽዋት" ጋር የአንድ እናት ልጅ መሆኑን ሁሉም ላያስተውለው ይችላል።

በትርጉም ወንድሙ የሚሆነው "ጽድቅ" ነው። ግእዙ "ጸድቀ" እውነተኛ ሆነ፣ ትክክል ሆነ፣ በፍርድ ረታ ማለት ነው። በዕብራይስጥ "ጼዴቅ" ፍትሕና ትክክለኛነት ሲሆን "ጸዳቃ" ደግሞ ለድሀ የሚሰጠው ነው፤ በዐረብኛም "ሲድቅ" እውነት ነው፣ "ሰደቃ" ምጽዋት ነው። ከአንድ ሥር ፍትሕም ልግስናም በቀሉ። አማርኛ ደግሞ የራሱን ጨመረ፦ ችግኝ ተነቅሎ በሌላ ቦታ ሲተከልና ሥር ሲይዝ "ጸደቀ" ይባላል። ሺህ ችግኝ ተክሎ መሄድና ሺህ ችግኝ ማጽደቅ የተለያዩ እንደ ሆኑ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። አንድ ሰሞን ስንዴ አድሎ መሄድና አንድ ቤተሰብ በእግሩ ቆሞ እስኪጸድቅ መጠበቅም እንዲሁ ይለያያሉ፤ ቋንቋው "ጽድቅ" የሚለው ሁለተኛውን ነው።

ዲያቆን፣ ረድእ፣ አገልጋይ

"ዲያቆን" ከግሪክ "ዲያኮኖስ" የመጣ ነው፤ ትርጉሙ አገልጋይ፣ ማዕድ አቅራቢ፣ መልእክተኛ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ የተመረጡት ለምን እንደ ነበር ብዙ ጊዜ ዘልለነው እናልፋለን። በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያዋ ማኅበር ለመበለቶች በየዕለቱ ምግብ ታድል ነበር። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻችን ተዘነጉ ብለው አጉረመረሙ። ክርክሩ የቋንቋና የወገን ነበር፤ ለአንዱ ወገን እየተሰፈረ ለሌላው ቀረ የሚል ነበር። ሐዋርያት ጉዳዩን "ቅር አትሰኙ" ብለው አላድበሰበሱትም፤ እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የተመረጡት ሰዎች ስሞች ሁሉም የግሪክኛ መሆናቸውን ስናይ፣ ኃላፊነቱ ቅሬታ ላቀረበው ወገን እንደ ተሰጠ ብዙ ተርጓሚዎች ያስረዳሉ።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሹመት የሰጠችው ስም የተነሣው እንግዲህ ከፍትሐዊ ክፍፍል ጥያቄ ነው። ዛሬ በቅዳሴ መስቀል ይዞ የሚቆመው ወጣት ዲያቆን ስሙን የወረሰው ምግብ በእኩል እንዲታደል ከተመረጡ ሰዎች ነው።

"ረድእ"ም እንዲሁ ነው። "ረድአ" ማለት ረዳ ማለት ነው፤ ብዙ ቍጥሩ "አርድእት"፣ የጌታ ደቀ መዛሙርት የሚጠሩበት ስም ነው። በቁርኣን አሮን ለወንድሙ ለሙሴ "ሪድእ" እንዲሆነው የተለመነበት ቃል የዚሁ ዘመድ ነው። ከዚያው ሥር "ረድኤት" ወጣ፤ የአውቶቡሱ "ረዳት" ወጣ፤ "ተራድኦ"ም ወጣ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1972 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በስሙ የያዘው ይህን ነው። ቃሉ "ርዳታ" አይደለም፤ "ተ" የሚለው መነሻ መረዳዳትን ያመለክታል፤ ዛሬ የተረዳው ነገ ይረዳል፣ ረጂውም ከተረጂው የሚቀበለው አለ ማለት ነው።

ማኅበር

"ኀበረ" ተባበረ፣ አንድ ሆነ፣ ተቀላቀለ ነው። የዕብራይስጡ "ሐቬር" (ባልንጀራ፣ ጓድ) ዘመዱ ነው። በእኛ ዘንድ ከዚህ አንድ ግስ የወጣው ቤተሰብ ሰፊ ነው፦ ኅብረት፣ ማኅበር፣ ኅብር፣ ኅብረተሰብ፣ ማኅበራዊ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. መርሑን "ኅብረተሰብአዊነት" ብሎ ሲያውጅና ተማሪውን "የዕድገት በኅብረት ዘመቻ" ብሎ ወደ ገጠር ሲልክ የተበደረው ይህን ቃል ነው። ወጣቱ ብዙ መልካም ሠርቷል፤ ነገር ግን በዐዋጅ የተላከ ኅብረት ሌላ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚመሠርተው ኅብረት ሌላ መሆኑንም አይቷል።

የጽዋ ማኅበሩን ቀረብ ብለን እንየው። አባላቱ በወር አንድ ጊዜ፣ በሚዘክሩት ቅዱስ ዕለት፣ በተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጽዋው በካህኑ ጸሎት ይባረካል። ከአባላቱ መሪ የሚሆነው "ሙሴ" ይባላል። ከሙሴው ሥራ ሁሉ የሚከብደው የተኳረፉትን ማወቅ ነው። ተጣልቶ ጽዋ መጠጣት ነውር ስለሆነ ከማዕዱ በፊት ሁለቱ ይጠራሉ፤ ነገራቸው ይሰማል፤ የበደለው ይክሳል፤ ያኔ ጽዋው ይዞራል። በደጅ ለቆሙት ነዳያንም ከማዕዱ ይወጣላቸዋል። ዕርቅ፣ ካሣ፣ ምጽዋት፣ ጸሎት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ይፈጸማሉ።

ሌሎች አገሮችም ይህን በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። በሮም በ1968 እ.ኤ.አ. አንድሬያ ሪካርዲ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በከተማዋ ዳርቻ ያሉ የድሆች ሰፈሮችን ልጆች ማስተማር ጀመረ። ከዚያ የተነሣው ስብስብ በትራስቴቬሬ ሰፈር በምትገኝ ቤተ ክርስቲያን ስም የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር ተብሎ ይጠራል። አባላቱ በየሙያቸው ሠርተው የሚያድሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ናቸው። ወደ ሞዛምቢክ ርዳታ ሲልኩ፣ ጦርነቱ ካልቆመ የላኩት እህል የትም እንደማይደርስ አዩ። ከብዙ ወራት ድርድር በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. የመንግሥቱ መሪ ጆአኪም ቺሳኖና የአማፂው የሬናሞ መሪ አፎንሶ ድላካማ በሮም የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ከአደራዳሪዎቹ አንዱ የቤይራው ሊቀ ጳጳስ ዣይሜ ጎንሳልቬስ ነበሩ። ማኅበሩ ከእኛም ጋር ግንኙነት አለው፦ በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢጣሊያ ጳጳሳት ጉባኤና ከመንግሥቱ ጋር ተስማምቶ፣ ኢትዮጵያ የተጠለሉ 500 ስደተኞች በባሕር ሳይሆን በአውሮፕላን፣ በሕጋዊ ቪዛ ወደ ኢጣሊያ የሚሄዱበትን መንገድ ከፈተ። ሕፃናትን ከማስተማር የጀመረው ማኅበር ወደ ሰላም ጠረጴዛ የደረሰው የድሀውን ችግር ተከትሎ ነው።

ፍትሕ

አሁን ወደ ልቡ ደረስን። "ፈትሐ" በግእዝ ፈታ፣ ከፈተ፣ ለቀቀ ነው፤ ቀጥሎም ፈረደ። በዐረብኛም በዕብራይስጥም መክፈት ነው። አማርኛ "ሐ"ን ጥሎ "ፈታ" አለው፤ ቋጠሮ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ሒሳብ ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል። ፍቺ፣ መፍትሔ፣ ጸሎተ ፍትሐት፣ ፍትሐ ነገሥት፣ ፍትሐ ብሔር ሁሉ የአንድ ግስ ልጆች ናቸው።

ግእዝ ለመፍረድ ሌላም ቃል አለው፤ "ኰነነ"። ኰነነ ገዛ፣ ፈረደ፣ ቀጣ ነው፤ ኩነኔና መኰንን ከእሱ ናቸው። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ዳኛ አለ፦ የሚኰንንና የሚፈታ። "ማኅበራዊ ፍትሕ" የሚለውን የዘመናችንን ቃል ያበጁት ሰዎች ሁለተኛውን መረጡ። ሥሩ ሲነበብ የማኅበርን ቋጠሮ መፍታት ይሆናል።

አገራችን ይህን በዐይን የሚታይ ሥርዓት አድርጋው ነበር። በቀድሞው ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዱ ነበር። ነገሩ ሲከብድ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ ለውሃ ሲነሣ ሌላው ይነሣል። እንዲህ የታሰረ ሰው "ቁራኛ" ይባላል፤ "የአልጋ ቁራኛ" የምንለው አነጋገር የቀረን ከዚያ ነው። የግእዙ ቃል ከዚህ ልማድ እጅግ ይቀድማል፤ ልማዱ ግን ቃሉን በሥጋ አሳየው። በደለኛውም ተበዳዩም በአንድ ቋጠሮ ተይዘዋል፤ ዳኛው ሲፈርድ የሚፈታው ሁለቱንም ነው።

የአምልኮውም ቋንቋ እንዲሁ ነው። አሮጊቷ ካህን ስታገኝ "አባቴ ይፍቱኝ" ትላለች፤ እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ይላሉ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር የበደልን እስራት ስለ መፍታት ያነሣል። ሁለቱን መፍታት አንድ ላይ መስማት አለብን። ለኃጢአቷ "ይፍቱኝ" የምትለዋ ሴት፣ በግፍ የተያዘባት መሬት ወይም ያልተከፈላት ደመወዝ ካለ ያም ይፈታላት ዘንድ ቃሉ ይጠይቃል።

የፍትሕ ባላንጣ "ግፍ" ነው። "ገፍዐ" በደለ፣ አስጨነቀ ነው፤ ሊቃውንት ከአማርኛው "ገፋ" ጋር ያገናኙታል። ድሀ ይገፋል፤ ከይዞታው፣ ከሰልፉ፣ ከወንበሩ ይገፋል። ግፉዕ ማለት የተገፋው ነው። ግፍን ለማወቅ መጽሐፍ አያሻም፤ ማን ወደ ዳር እንደ ተገፋ ማየት ይበቃል።

እንዲህ ያለውን ቋጠሮ በመፍታት መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጥሩ ምሳሌ ናት። መነሻዋ በ1945 እ.ኤ.አ. ለርዳታ ሥራ የመጡት ሜኖናውያን ናቸው፤ ቀጥሎም በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ሆስፒታል ከፈቱ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ እንደገና በግልጽ ስትቆም ከያዘቻቸው አገልግሎቶች አንዱ የእስረኞች ነው። አገልጋዮቹ ከታራሚው ጋር መጽሐፍ ያነባሉ፤ ከተበዳይ ቤተሰብ ጋር ዕርቅ እንዲወርድም ይደክማሉ። ይህን የሚያደርጉት ሰው ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ደም መላሽ እንዳይጠብቀው ነው። ቁልፍ የከፈተው በር ብቻ ሳይሆን በሁለት ቤተሰብ መካከል የተቋጠረውም እንዲፈታ ማለት ነው።

ሰላም

የሰላም ሥር ሙሉ መሆን ነው። በአካድኛ "ሸላሙ" ጤነኛ፣ ሙሉ፣ ደኅና ሆነ ነው፤ በዐረብኛ "ሰሊመ" ከጉዳት ዳነ ነው፤ በዕብራይስጥ "ሻሌም" ሙሉ ሲሆን "ሺሌም" ደግሞ ዕዳውን ከፈለ፣ የጎደለውን መለሰ ነው። ሰላምና ካሣ ከአንድ ሥር ወጡ። የተወሰደው ሳይመለስ ሙሉ መሆን ከየት ይመጣል?

አማርኛ ይህን ሥር ወደ ከንፈር አመጣው። ምእመኑ ቤተ ክርስቲያን "ይሳለማል"፤ በሩን፣ መስቀሉን ይስማል። መልክእ የሚባለው የግእዝ ድርሰት እያንዳንዱን አርኬ (የግጥም አንቀጽ) በ"ሰላም" ይጀምራል፤ ቅዱሱን ከራሱ እስከ እግሩ፣ አንድም ሳያስቀር ሰላም ይለዋል። ሙሉነት ማለት ይህ ነው፦ አንድም አካል አለመቅረቱ። "ሰላማዊ ሰልፍ" የሚለውን ጥንድም እናስታውስ። ሰልፍ በድሮው አማርኛ ጦርነት ነበር፤ በቀደመው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም እንዲሁ ነው። የጦር ቃል "ሰላማዊ" ተብሎ መብት ለሚጠይቁ ሰዎች ተሰጠ።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በ1972 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ በዚሁ በሙሉነት ነጥብ ላይ የቆመ ነበር። ለልማት ገንዘብ የሚሰጡ ለወንጌል ስብከት መስጠት ባልፈለጉበት ጊዜ፣ ሰው አይከፈልም፣ ነፍሱን ከሥጋው ለይታችሁ አትርዱት የሚል መልስ ሰጠ። ደብዳቤው የሰውን ሙሉነት ጠየቀ። ጉዲና በ1979 እ.ኤ.አ. በደርግ ታፍነው ተገደሉ።

እነዚህን ቃላት በአንድ ላይ ስናነብ "በጎ ፈቃድ" ቦታውን ያገኛል። ፈቃደኛነት መልካም ነው፤ የተገደደ ፍቅር ፍቅር አይባልም። ግን ፈቃዳችን የሚመርጠው መቼና በምን እንደምናገለግል ነው፤ ድሀው ድርሻ እንዳለው፣ የተገፋው ሊመለስ እንደሚገባው አስቀድሞ ታዟል። በጎ ፈቃደኛ ነኝ የሚል ሰው "ሰጠሁ" ብሎ ምስጋና ከመጠበቅ ይልቅ "ታዝዣለሁ፣ ገና አልጨረስኩም" ሊል ይችላል።

ይህ በሥራ ላይ የሚታይ ልዩነት ያመጣል። ለአዳዲስ አገልጋዮች ሥልጠና ሲሰጥ የምግብ አሰፋፈርና የገንዘብ አያያዝ ብቻ ሳይሆን እነዚህ ቃላትም ከነቤተሰባቸው ይማሩ። የዓመት ሪፖርት ሲቀርብ ከታደለው ብርድ ልብስ ቀጥሎ ሌላም ጥያቄ ይጠየቅ፦ ዘንድሮ የማን ቋጠሮ ተፈታ? ደመወዟ የተከለከለች የቤት ሠራተኛ ተከፈላት ወይ? ከይዞታዋ የተገፋችው መበለት ተመለሰች ወይ? በዕደላው ላይ የተረሱት፣ እንደ ኢየሩሳሌሞቹ መበለቶች፣ የትኛውን ቋንቋ ይናገራሉ? መልሱ በሌለበት ዓመት ምጽዋት ተሰጥቷል፤ ፍትሕ ግን አልተጀመረም፤ ሰላምም ገና ሙሉ አይደለም።